ቁልፉ በሦስተኛ እጅ

እስቲ ቀረብ በሉ። የሰዎቹን ስም ትቼ ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው ጅቡቲ ነው፤ ከመሀል ከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ በሚያውቀው ፒኬ 12።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ቀን ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ፊት ላይ ይበትናል፤ የመኪናው በር እጀታ በባዶ እጅ አይነካም። ከጋላፊ ድንበር የወረዱ ሹፌሮች ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ጀሪካን ተንተርሰው የመጫኛ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ከእነሱ አንዱ ሁለት ቀን ትኩሳት ጣለው። ሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ስልኩ ጠራ፤ ተራህ ደርሷል፣ ዶራሌ ወደብ ግባ ተባለ። ሰውየው ለመቀመጥ እንኳ ረዳቱ ደግፎት ነው። ረዳቱ የከባድ መንጃ ፈቃድ የለውም። ተራው ካለፈ ደግሞ እንደገና መሰለፍ ነው።

አጠገቡ የቆመው ሹፌር ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «በል ቁልፉን አምጣ። የእኔ ተራ ነገ ነው፤ አስጭኜልህ እመለሳለሁ» አለው።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።»

ቁልፉ ተሰጠ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ መኪናው የታማሚው አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም አዳማ የተቀመጠ የአንድ ባለንብረት ነው። ቁልፉ ከባለንብረቱ ወደ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ወደ ጓደኛው አለፈ ማለት ነው። ባለንብረቱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጨለማው ውስጥ ወደ ዶራሌ ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው። ሁለት ጥፋት ተጻፈ፦ ከተፈቀደው ፍጥነት አልፈሃል፤ የተሳቢህ የኋላ መብራት አይሠራም። ዞረው ቢያዩት እውነት ነው፤ የግራው መብራት ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ በቀዩ ሽፋን ፋንታ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ወረቀቶቹ ተያዙ፤ ቅጣቱ ሲከፈል ይመለሳሉ ተባለ። ፖሊሱ ሥራውን ነው የሠራው። በዚያ ጨለማ መብራት የሌለው ተሳቢ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ሞት ነው።

ክርክሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ታማሚው አዳማ ደወለ።

«ጋሼ፣ ተቀጣን።»

«እኔ የቀጠርኩት አንተን ነው። ለሌላ ሰው ስጥ አልኩህ? ከደሞዝህ ይቆረጣል።»

«መብራቱንስ ጋሼ? ስነሳ ነግሬዎት ነበር እኮ፤ ስትመለስ እናሠራዋለን ብለውኛል።»

ስልኩ ተዘጋ።

አሁን እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሁለቱ ቅጣቶች በአንድ ወረቀት ስለተጻፉ የአንድ ሰው ዕዳ አይሆኑም። ፍጥነቱ የነዳው ሰው ነው። ነዳጁን የረገጠው የእሱ እግር ነው፤ ታማሚውም ባለንብረቱም እዚያ አልነበሩም። በጎ ሊያደርግ መምጣቱ ያስመሰግነዋል እንጂ ከፍጥነት ቅጣት አያድነውም። መብራቱ ግን ከአዳማ ጀምሮ የጠፋ ነው። ሹፌር ከመነሳቱ በፊት መኪናውን ማየት አለበት፤ አይቷል፣ ተናግሯልም። ሰምቶ «ሂድ» ያለው ባለንብረት ነው።

የጅቡቲ የሕግ ሥርዓት ሥሩ ፈረንሳይ ነው፤ የፈረንሳይ የመንገድ ሕግ ደግሞ ይህን ነገር በደንብ አስቦበታል። ለአነዳድ ጥፋት ተጠያቂው ነጂው ነው ይላል። ያላግባብ ለቆመ መኪና ግን ቅጣቱን የሚከፍለው በስሙ የተመዘገበበት ሰው ነው፤ ማን ይዞት እንደነበር ካሳወቀ ወይም መሰረቁን ካስረዳ ይድናል። ነጂው ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ፣ ፍርድ ቤት የሥራውን ሁኔታ አይቶ ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል አሠሪው ላይ ሊጥል ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። «ቶሎ ድረስ» እየተባለ የሚነዳን ሰው ታውቀዋለች።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ «ከደሞዝህ ይቆረጣል» ማለት እንደ አፍ አይቀልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይህን የማያውቅ ስንት ሹፌር አለ! አበሉ ተይዞ፣ ደሞዙ ተሸርሽሮ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ዝም የሚል።

ባለንብረቱም ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር አይደለም። ያ ጓደኛ በዚያ ሌሊት ሰው ገጭቶ ቢሆንስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው ኢንሹራንስ ከድንበር ወዲያ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ይደርሳል፤ የትራፊክ ቅጣት ግን አይከፍልም። እና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ለባለንብረቱም ጥቅሙ ነው።

ቅጣቱ የሚከፈለው በፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ተቆራኝቶ 177.721 ላይ ቆሟል፤ 10,000 ፍራንክ 56 ዶላር ያህል ነው። ደሞዙን በብር ለሚቀበል ሹፌር ይህን ቆሞ መክፈል ቀላል አይደለም። ፒኬ 12 ላይ ሹፌሮቹ አዋጡና ተከፈለ፤ ወረቀቶቹ ወጡ፤ ጭነቱ ተጫነ።

ጓደኛው የፍጥነቱን ድርሻ በሳምንቱ መለሰ። ታማሚው «ለእኔ ብለህ ነው» ብሎ ግማሹን ልክፈል ቢለው እምቢ አለ። ባለንብረቱ መኪናው አዳማ ሲገባ መብራቱን በዓይኑ አየ፤ የመብራቱን ቅጣት ድርሻ መለሰ፣ ሽቦውንም አሠራ። ወረቀቶቹ ተይዘው መኪናው የቆመባቸውን ሁለት ቀናት አበል ግን አልሰጥም አለ። ሹፌሩም አልተወውም፤ አንቀጽ 59ን በወረቀት አስጽፎ በደረት ኪሱ ይዞ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ከመነሳቱ በፊት ባለንብረቱ ቢሮ በር ላይ ተቀምጧል።