የጎበጠ ጀርባና የሕክምናው ታሪክ

በካዛንቺስ መንገድ ጀርባው የጎበጠ ልጅ ስናይ «ተፈጥሮው ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ጉብጥናን ሁሉ ተፈጥሮ ማለት ስሕተት ነው። ፐርሲቫል ፖት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1779 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) የገለጸው በሽታ አከርካሪን እየበላ ያጎብጣል፤ ይኸውም የአጥንት ነቀርሳ ነው።

አዲስ አበባ የሚሠሩት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ በ1999 ገደማ በእማሆይ ተሬዛ ቤት በዚሁ ደዌ የጎበጡ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ፤ በኢንሹራንሳቸው በአሜሪካ እንዲታከሙም ልጆቻቸው አደረጓቸው። ለሕመምተኛ ሁሉ ግን አባት መሆን አይቻልም! ስለዚህ ከ2006 ጀምሮ ብዙዎች ወደ ጋና፣ ወደ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ተልከዋል። እጅግ የጎበጠውን በአንድ ጊዜ ማቅናት ሕብለ ሰረሰርን ስለሚያሰጋ፣ በራስ ቅሉ ላይ የብረት ቀለበት ታስሮ በክብደት ለሳምንታት ይሳባል፤ ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው።

ነቀርሳው ቀድሞ ቢታወቅ ግን፣ አጥንቱ ሳይፈርስ፣ በመድኃኒት ብቻ ሊድን ይችላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳል የሌለው መሆኑ ነው፤ ልጁ የሚለው «ጀርባዬን አመመኝ» ብቻ ነው።