ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት የሚሰጥ ፈሳሽ፦ ለጅግጅጋ የሚሆነው ማስረጃ የትኛው ነው?

ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው ከአንድ ቁጥር ጋር ነው። «ሰርቫይቪንግ ሴፕሲስ ካምፔይን» የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የአካል ክፍሎችን ሥራ ሲያውክ በሚፈጠር አደገኛ ሁኔታ) የደም ዝውውሩ ለተዳከመ አዋቂ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በኪሎ በደም ሥር እንዲሰጥ ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆኑ ነው። ቁጥሩ የተወለደው የመተንፈሻ ማሽንና በቂ ነርስ ባለበት ክፍል ነው። ጅግጅጋና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሲደርስ ግን ያንን ክፍል ይዞ አልመጣም። እንዲህ ዓይነቱ ክፍል በሌለበት የተደረጉት ሙከራዎች የሚነግሩን ሌላ ነው፤ እነሱም የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

  

የ30ው ዘር ሐረግ ወደ ኢማኑኤል ሪቨርስ ይወስዳል። ሪቨርስ በ2001 በዲትሮይት አንድ ሆስፒታል 263 ሕመምተኞችን በዕጣ መድቦ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ፈሳሽን፣ ደምንና የግፊት መድኃኒትን በጥብቅ ቀመር መስጠት ሞትን ከ46.5 ወደ 30.5 በመቶ እንደቀነሰ ጻፈ። በ2014 እና በ2015 በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና ኒውዚላንድ እንዲሁም በእንግሊዝ የተደረጉ ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ቀመሩ ከተለመደው ሕክምና እንደማይበልጥ አሳዩ። ቀመሩ ሲወድቅ ፈሳሹ አልወደቀም። በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ ሕመምተኞቹ ዕጣ ሳይወጣላቸው በፊት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ወስደው ስለነበር፣ ልማዱ ራሱ ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ። መመሪያው በ2021 ምክሩን ከ«ጠንካራ» ወደ «ደካማ» አወረደው፤ ቁጥሩን ግን አልነካውም።

የተገፋው ምንጭ በካትሪን ማይትላንድ የተመራውና በ2011 የታተመው «ፊስት» የተባለ ሙከራ ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ስድስት ሆስፒታሎች ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3141 ሕጻናት በዕጣ ተመደቡ፦ ለአንዱ ቡድን ኖርማል ሳላይን በፍጥነት፣ ለሌላው አልቡሚን በፍጥነት፣ ለሦስተኛው ደግሞ የዕለት ፍላጎቱን ያህል ብቻ በዝግታ። በ48 ሰዓት ውስጥ አልቡሚን ከወሰዱት 10.6 በመቶ፣ ሳላይን ከወሰዱት 10.5 በመቶ፣ በዝግታ ከወሰዱት 7.3 በመቶ ሞቱ። ሙከራው 3600 ሕጻናት ሊመዘግብ ታቅዶ ሳለ ከዚያ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ተመራማሪዎቹም ፈሳሹ ይጠቅማል ብለው የጀመሩ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

ተቺዎቹ ፈጥነው መጡ። መጀመሪያ «ወባና የደም ማነስ የበዛባቸው ልጆች ናቸው» ተባለ፤ ጉዳቱ ግን ወባ ባለባቸውም በሌለባቸውም፣ ደም ባነሳቸውም ባላነሳቸውም ታይቷል። ቀጥሎ «ሾክ (የደም ዝውውር መውደቅ) የተባለው እውነተኛ ሾክ አልነበረም» ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅትን ጥብቅ መስፈርት ያሟሉት 65 ልጆች ለብቻ ሲቆጠሩ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከወሰዱት 50 ውስጥ 24ቱ፣ ካልወሰዱት 15 ውስጥ 3ቱ ሞቱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከትልቁ ቁጥር ጋር አንድ ነው። «ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ነው» ያሉም ነበሩ። በ2013 የወጣው የሞት መንስኤ ትንተና ግን ትርፉ ሞት በዋናነት የመጣው ከደም ዝውውር መውደቅ መሆኑን አሳየ፤ ማለትም ፈሳሹ ሊያድነው ከታሰበው ነገር።

የመጨረሻው ተቃውሞ «እዚያ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልነበረም» የሚለው ነው። ይህን እኔም እቀበላለሁ፤ ሙከራውን ለእኛ የቀረበ የሚያደርገውም እሱ ነው። በ2025 በላንሴት የታተመ፣ በ22 የአፍሪካ አገሮች 180 ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት፣ ከስምንት ተኝቶ ታካሚዎች አንዱ ጽኑ ሕመምተኛ እንደሆነ፣ ከእነዚህም 69 በመቶው በተራ ክፍል እንደሚተኙ አግኝቷል። የሴፕሲስ ካምፔይን በ2020 ባወጣው የሕጻናት መመሪያ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ለይቶ መክሯል። የአዋቂዎቹ ምክር ይህን ልዩነት ያላደረገበት ምክንያት አይታየኝም።

አዋቂዎች ላይ የተደረገ ማስረጃ የለም እንዳይባል፣ በ2017 ከሉሳካ የወጣው የቤን አንድሩስና የባልደረቦቹ ሙከራ አለ። ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው ከወረደ 209 አዋቂዎች ውስጥ፣ በቀመር ብዙ ፈሳሽ ከወሰዱት 48.1 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ከተሳታፊዎቹ 89.5 በመቶ ኤችአይቪ ነበረባቸው፤ የሶማሌ ክልል ስርጭት ደግሞ በኢትዮጵያ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ረሃብና ሳንባ ነቀርሳ የጎዱት ሰውነት የፈሳሽ ጎርፍ የተሻለ ይችላል የሚል ማስረጃ ግን አላየሁም። በሀብታም አገሮች የተደረጉት «ክላሲክ» (2022) እና «ክሎቨርስ» (2023) የተባሉ ሙከራዎች በብዙና በጥቂት ፈሳሽ መካከል የሞት ልዩነት አላገኙም። የሁሉም ውጤት አንድ ላይ ሲነበብ፣ ማሽኑ ስህተቱን በሚያርምበት ቦታ ልዩነቱ ይሰወራል፤ ማሽኑ በሌለበት ቦታ ይገለጣል። ይህ በቀጥታ የተፈተነ ድምዳሜ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የሚያስማማቸው ንባብ ግን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጅግጅጋ። ካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል የሚቀበሉት የከተማውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከቶጎ ውጫሌ፣ ከሀርትሼክ፣ ከአውበሬና ከቀብሪ በያህ የሚላክ አለ። ከቶጎ ውጫሌ ብቻ መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ «ግሉኮስ» የሚለው ፈሳሽ ጤና ጣቢያ ከተሰቀለ፣ አስታማሚው ላስቲኩን ከፍ አድርጎ ይዞ በመኪና ሲመጣ፣ ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው አጠገቡ ላይኖር ይችላል። የፈሳሹ ውሳኔ የሚወሰነው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ሳልሸሽ ልናገር። «ፊስት» ተቅማጥና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ልጆች አላካተተም። ለኮሌራ ሕመምተኛ ፈሳሽ መንፈግ መግደል ነው፤ በ2017 አጣዳፊ ተቅማጥ በክልሉ ሲስፋፋ ሕይወት ያተረፈው ፈሳሽ ነው። በ2025 የወጣው የ«ጋስትሮሳም» ሙከራም ተቅማጥና ከባድ የምግብ እጥረት ባለባቸው ልጆች ላይ በደም ሥር መስጠትና በአፍ መስጠት የሞት ልዩነት እንዳላመጡ አሳይቷል። ይህ ሙግቴን አያፈርስም፤ ውሃ ያጣ ሰውነትና በኢንፌክሽን ዝውውሩ የወደቀ ሰውነት አንድ አይደሉም። ድርቅ ባደከመው አገር ግን ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ፤ ለዚያ ልጅ የሚሆን መልስ ከሁለቱም ሙከራዎች በቀጥታ አይገኝም።

ስለዚህ ከሞቱት ካርድ ላይ «ተያያዥ ምክንያቶች» የሚለቅም ሌላ የኋልዮሽ ጥናት ይቆየን። ጅግጅጋ የሚያስፈልጋት በዕጣ የሚመድብ ሙከራ ነው፦ ተቅማጥ ለሌለበት የሴፕሲስ ሕመምተኛ ለአንዱ ቡድን 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ለሌላው ዝግተኛ ፈሳሽና ቀደም ብሎ የሚጀመር አድሬናሊን። ፈቃዱ በሶማሊኛ ተብራርቶ ይጠየቅ። ሞትም በ28ኛው ቀን ይቆጠር፤ የመጀመሪያው ሰዓት ግን ካኑላው ቶጎ ውጫሌ ላይ ከገባበት ደቂቃ እንጂ ሕመምተኛው የጅግጅጋን ሆስፒታል በር ካለፈበት አይጀምር።