የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፤ የሆምስቴድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የተማሪዎቹ ክበባት

አንድ መሐንዲስ ሙያውን የት እንደቀሰመ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረው ዘመን፣ ይኸውም ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የብየዳ ብረት የጨበጠበትና የገጣጠመው መሣሪያ አልሠራ ብሎት እንቅልፍ ያጣበት ጊዜ፣ በሙያ ታሪክ ውስጥ እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ ኩፐርቲኖ በምትባል የከተማ ዳርቻ የሚገኘው የሆምስቴድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ግን የዚህን ዘመን ክብደት ያሳያል። ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስሙ የሚነሣው የአፕል ኩባንያ መሥራቾች ስቲቭ ወዝኒያክና ስቲቭ ጆብስ ስለተማሩበት ነው። ሁለቱ ሰዎች በየመጽሐፉ ብዙ ተብሎላቸዋል። ብዙ ያልተባለላት በግቢው ዳር የነበረችው አንዲት የመማሪያ ክፍልና ከእርስዋ ጋር የተያያዘችው ትንሽ ግምጃ ቤት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳንታ ክላራ ሸለቆ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ድረስ የሚታወቀው በፕለም፣ በአፕሪኮትና በቼሪ ተክሎቹ ነበር። መልኩን የለወጡት ተከታታይ ሁኔታዎች ናቸው። በሞፌት ፊልድ የኤምስ የበረራ ምርምር ማዕከል በ1939 ተቋቁሟል። ዊልያም ሾክሌይ የሴሚኮንዳክተር ላቦራቶሪውን በ1956 በማውንቴን ቪው ከፈተ። በ1957 ከእርሱ የተለዩ ስምንት ባለሙያዎች ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ። የሎክሂድ ኩባንያ የሚሳይል ክፍልም በዚሁ ጊዜ ወደ ሰኒቬል መጣ። በጥቅምት ወር 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ መንግሥት በሳይንስ ትምህርት ወደኋላ የቀረ መስሎት ደነገጠ፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግም ለሳይንስና ለሒሳብ ትምህርት ከፍተኛ ገንዘብ መደበ። የፍራፍሬው ዛፍ እየተቆረጠ በምትኩ የሠራተኛና የመሐንዲስ ቤተሰቦች መኖሪያ ተሠራ። ሆምስቴድ በ1962 የተከፈተው ለእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች ነው። የወዝኒያክ አባት በሎክሂድ መሐንዲስ፣ የጆብስ አሳዳጊ አባት ደግሞ የማሽን ሥራ ባለሙያ ነበሩ።

የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የሚሰጠው በግቢው ጠርዝ፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ መጠለያ በሚመስል ቤት ውስጥ ነበር። አጠገቡ የመኪና ጥገና ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ነበረ። ይህ አቀማመጥ የዘመኑን ሽግግር ያመለክታል፤ የአባቶች ትውልድ ሞተር እየፈታ የእጅ ሙያውን እንደተማረ ሁሉ፣ ልጆቹም ትራንዚስተር እየበየዱ የራሳቸውን ይማሩ ጀመር። አስተማሪው አቶ ጆን ማኮለም ቀድሞ የባሕር ኃይል አብራሪ የነበሩ፣ ሥርዓት አክባሪና ጥብቅ ሰው ናቸው። ሆኖም የተማሪን ልብ መሳብ ያውቁበት ነበር፤ የቴስላን ጥቅል ለኩሰው ብልጭታውን ሲያሳዩ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። በግምጃ ቤታቸው ውስጥ ከየቦታው ያሰባሰቧቸው ትራንዚስተሮችና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ታጭቀው ይገኙ ነበር። ቁልፉን የሚያውሱት ግን ለሚያምኗቸው ተማሪዎች ብቻ ነው።

ከሚታመኑት አንዱ በ1968 ትምህርቱን የጨረሰው ወዝኒያክ ነበር። ማኮለም ይህ ተማሪ ከክፍሉ ትምህርት አልፎ መሄዱን ሲረዱ ሌላ ሥራ ፈልገው ሊይዙት አልሞከሩም፤ ከሲልቬኒያ ኩባንያ ጋር ተነጋግረው በሳምንት አንድ ቀን እየሄደ ኮምፒዩተር እንዲያሠራ ፈቃድ አገኙለት። በዚያን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ማየት ብርቅ ነበር። ወዝኒያክ በዚያ የፎርትራንን ቋንቋ ተማረ። ከዚያም የአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር መግለጫ መጽሐፍ እጁ ስለገባ፣ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ባይኖረውም፣ ኮምፒዩተሮችን በወረቀት ላይ ደጋግሞ መንደፍ ጀመረ። ልምዱም በጥቂት ዕቃ ብዙ ሥራ ማሠራትን አስተማረው። ይህ ቁጠባ ኋላ በአፕል ኮምፒዩተሮች ንድፍ ውስጥ በግልጽ ታይቷል።

ይኸው ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የሠራው ቀልድ ግን ለትምህርት ቤቱ ፈተና ሆነ። የሙዚቃ ምት መጠበቂያ የሚመስል፣ እንደ ቦምብ የሚያንቃቃ መሣሪያ ገጣጥሞ በአንድ ጓደኛው የዕቃ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ርእሰ መምህሩ መሣሪያውን በደረታቸው አቅፈው ወደ እግር ኳስ ሜዳ ሮጡ፤ ሽቦዎቹንም በጣጥሰው ጣሉ። ወዝኒያክ አንድ ሌሊት በወጣት ጥፋተኞች ማቆያ አደረ። ቅጣቱ ተገቢ አልነበረም የሚል አይኖርም። ይሁን እንጂ ከአንድ ሌሊት አላለፈም፤ ከትምህርትም አላስቀረውም። ወጣቱ የመማር ዕድሉን በአንድ ስሕተት አላጣም።

ከትምህርት ቤቱ ውጭም በር የሚከፍቱ ነበሩ። የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ በምግብ አዳራሹ ለአካባቢው ተማሪዎች የሚያዘጋጀው ክበብ ነበረው፤ ተካፋዮቹ ዐሥራ አምስት ያህል ናቸው። በእያንዳንዱ ስብሰባ ከአንደኛው ላቦራቶሪ አንድ መሐንዲስ እየመጣ በእጁ ስላለው ሥራ ያወራቸው ነበር። ጆብስ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚህ ክበብ ውስጥ ነው። ለአንድ የፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያ ዕቃ ሲያስፈልገውም የኩባንያው መሥራች የቢል ሂውሌትን ስልክ ቁጥር ከማውጫ ፈልጎ ቤታቸው ደወለላቸው። ሂውሌትም ሃያ ደቂቃ ያህል አነጋገሩት፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያ በሚገጣጠምበት ክፍል የክረምት ሥራም ሰጡት።

የማኮለምን ግምጃ ቤት ቁልፍ ግን ጆብስ አላገኘም። ትምህርቱ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን እርሱ የወሰደው አንዱን ዓመት ብቻ ነው። ከክፍሉ ማዕዘን ተቀምጦ የራሱን ነገር ይሠራ ስለነበር አስተማሪው አላመኑትም። አንድ ጊዜ በክፍሉ የሌለ ዕቃ ሲፈልግ ወደ ዲትሮይት፣ ወደ ቡሮውዝ ኩባንያ፣ በተቀባዩ ሒሳብ ደውሎ ለአዲስ ምርት ንድፍ እንደሚፈልገው ተናገረ፤ ዕቃውም በአውሮፕላን ተላከለት። ማኮለም ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። የተቆጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተማሪው ውሸት ተናግሯል። ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ብቻ የሚከፈት ግምጃ ቤት ለአንዱ በር፣ ለሌላው ግድግዳ ይሆናል። ጆብስን ያዳነው በአካባቢው ሌሎች በሮች መኖራቸው ነበር።

ወዝኒያክና ጆብስ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አልተገናኙም፤ በመካከላቸው የአራት ዓመት ተኩል ያህል የዕድሜ ልዩነት ነበር። ያስተዋወቃቸው የወዝኒያክ ጎረቤትና የሆምስቴድ ተማሪ የነበረው ቢል ፈርናንዴዝ ነው። በ1971 ፈርናንዴዝና ወዝኒያክ በጋራዥ ውስጥ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር አብረው ሠርተው ነበር። ሌላው የሆምስቴድ ተማሪ አለን ባውም፣ በ1975 የተቋቋመውን የሆምብሩ ኮምፒዩተር ክበብ ስብሰባ ለወዝኒያክ የነገረው እርሱ ነው። አፕል በሚያዝያ 1976 ሲመሠረት ከጀርባው የነበረው መረብ በአብዛኛው ይህ የትምህርት ቤት ወዳጅነት ነበር። ትምህርት ቤቱም የኤሌክትሮኒክስ ብቻ አልነበረም፤ «ኤፒታፍ» የተሰኘ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ የሰልፍ የሙዚቃ ጓድና የስፖርት ቡድኖች ነበሩት። ጆብስና ጓደኞቹ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ የብርሃን ትርኢት ያሳዩ ነበር።

የዚያን ዘመን ጉድለት መደበቅ አይገባም። በአሜሪካ በብዙ ትምህርት ቤቶች የእጅ ሙያ ክፍሎች ለወንዶች፣ የቤት አያያዝ ትምህርት ለሴቶች ተብሎ የተከፋፈለ ነበር፤ በጾታ ምክንያት ከትምህርት ማግለልን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1972፣ ይኸውም ጆብስ በጨረሰበት ዓመት ነው። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ስንት ብቁ እጆችን እንዳላገኘ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከአካባቢው የቤትና የቦታ ግብር ነበር። በ1970ዎቹ የቤት ዋጋ በፍጥነት ሲንር ግብሩም አብሮ ስለ ናረ፣ በተለይ በጡረታ የሚኖሩ ባለቤቶች ተቸገሩ። በሰኔ 1978 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀ። ግብሩ ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ንብረቱ ካልተሸጠ በቀር በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተወሰነ። ከዚህ ግብር የሚገኘው ገቢ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ክፍለ ግዛቱ ጉድለቱን በከፊል ቢሸፍንም ትምህርት ቤቶች ወጪ መቀነስ ነበረባቸው። የክረምት ትምህርት፣ ሙዚቃና የእጅ ሙያ ክፍሎች በብዙ ቦታ ታጠፉ። በ1983 የወጣው የአገር አቀፍ የትምህርት ኮሚሽን ዘገባም የቀለም ትምህርት እንዲጠብቅ ስለ ጠየቀ፣ ለወርክሾፕ የሚተርፈው ሰዓት ጠበበ። የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ በሸለቆው ውስጥ ከምንጊዜውም በላይ ሲያብብ፣ ልጆች መሣሪያ የሚፈቱባቸው ክፍሎች በዚያው ሸለቆ ይዘጉ ነበር።

ቦታውን በከፊል የያዙት የሮቦት ክበባት ናቸው። ፈርስት የተባለውን ድርጅት ዲን ኬመን በ1989 አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ውድድርም በ1992 በኒው ሃምፕሸር ተካሄደ። በሆምስቴድም ተማሪዎች የሮቦት ቡድን አቋቁመው ተወዳድረዋል። በእነዚህ ቡድኖች መሐንዲሶች በበጎ ፈቃድ ከተማሪዎች ጋር ይሠራሉ፤ ይህም የቀድሞው የማክሰኞ ማታ ክበብ ሌላ መልክ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከወላጆችና ከደጋፊ ኩባንያዎች መሆኑ ነው። ስለዚህ ደጋፊ የሌለው ሰፈር ልጅ ዕድሉ የጠበበ ይሆናል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች ባዕድ አይደለም። በ1960ዎቹ የተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርቱ ጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ያስተምሩ ነበር። በ1994 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1986) የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደሚሰጡ ተቋማት ሲያሸጋግር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመራው ተማሪ መሣሪያ ሳይነካ የምሕንድስና ፋኩልቲ በር ላይ መድረሱ የተለመደ ሆነ። በየዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ላቦራቶሪ ያስተማረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ የኦም ሕግን አሳምሮ የሚጽፍ ተማሪ መልቲሜትር ሲሰጠው የት እንደሚያገናኘው ግራ ይገባዋል።

ሆምስቴድን የሠሩት ነገሮች ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ግምጃ ቤት፣ አንድ የሚያምን አስተማሪ፣ በሳምንት አንድ ማታ የሚሰጡ መሐንዲሶች። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የትምህርት ባለሥልጣናትን ውሳኔ ይጠይቃሉ። አራተኛው ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ የለበሰ ኦሲሎስኮፕ፣ ከአገልግሎት የወጣ ሞተርና የተረፈ ሽቦ አይታጣም፤ በየሰፈሩም የሳይንስ ክበብ ያለው፣ በክበቡ ውስጥ ግን ከግድግዳ ሥዕል በቀር የሚነካ ነገር የሌለው ትምህርት ቤት አለ። ይህን ዕቃ በሕጋዊ ርክክብ ለዚያ ክበብ ማድረስና በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ ከአንድ የሙያ ማኅበር አቅም በላይ አይሆንም። ቁልፉ ሲሰጥም ከማዕዘን ተቀምጦ የራሱን ነገር ለሚሠራውም፣ እስካሁን ወደ ወርክሾፑ ላልተጋበዘችውም ልጅ ጭምር መሆን አለበት።