መስመር በመስመር፦ የ«ሴድ» አመጣጥ

በፋይል ውስጥ ያለን ቃል በአንድ ትእዛዝ ፈልጎ በሌላ የሚተካው «ሴድ» የተባለው ፕሮግራም የተወለደው በማህደረ ትውስታ እጥረት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል ባለው ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሊ ማክማሆን የአንድ የቆየ ክርክር መልስ ይፈልግ ነበር። በ1787 እና 1788 አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ «ፑብሊየስ» በሚል የብዕር ስም ካወጧቸው 85 መጣጥፎች የአንዳንዶቹ ጸሐፊ ማን እንደሆነ ሲያከራክር ቆይቶ ነበር። ማክማሆን የቃላት አጠቃቀማቸውን በኮምፒውተር ሊያመሳክር ፈለገ።

የቤል ላብሱ ኬን ቶምፕሰን በ1969 የሠራው «ኢድ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ግን በማህደረ ትውስታ እጥረት ይህን ያህል ጽሑፍ መሸከም አልቻለም። ቶምፕሰን የማረሚያውን የፍለጋ ክፍል ነጥሎ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አደረገው፤ «ግሬፕ» የተባለው ይህ ነው፤ በ1973 ለተጠቃሚዎች ቀረበ። ቀጥሎ መተካትን ብቻ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ተሠራ። ማክማሆን በዚህ ከቀጠለ እያንዳንዱ የማረሚያ ትእዛዝ የየራሱን ፕሮግራም እንደሚወልድ ተረዳና በ1973 እና 1974 ሁሉንም በአንድ የሚጠቀልለውን «ሴድ» ጻፈ። ፕሮግራሙ በ1979 በወጣው፣ ዩኒክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ሰባተኛ እትም ውስጥ ተካቶ ተሰራጨ።

የስሙ ትርጉም «የጅረት ማረሚያ» ነው። ሴድ ፋይሉን በሙሉ አይጭንም፤ አንድ መስመር ያነብባል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ውጤቱን ያወጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ የፋይሉ መጠን አያስጨንቀውም። ዋናው ፋይልም ካልታዘዘ በቀር እንዳለ ይቀራል፤ የታረመው ወደ ስክሪን ወይም ወደ ሌላ ፋይል ይሄዳል።

የመተኪያው ትእዛዝ «ኤስ» በምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፤ ተፈላጊውና ተተኪው በእዝባር ተለይተው ይከተላሉ። «ሠላም ለሠው ልጅ» በሚል መስመር ላይ «ሠ»ን በ«ሰ» ተካ ቢባል የሚወጣው «ሰላም ለሠው ልጅ» ነው፤ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ በየመስመሩ የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነውና። በመጨረሻ «ጂ» ሲታከልበት «ሰላም ለሰው ልጅ» ይሆናል።

እንደ «ሠ» እና «ሰ» ያሉ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ለማምጣት ግን አንድ የ«ኤስ» ትእዛዝ አይበቃም። የግእዝ ፊደላት በ1999 በወጣው የፊደላት ቁጥር መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ሲካተቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለው እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ «ሠ»ን ከነቤተሰቡ በ«ኤስ» ለመለወጥ ቢያንስ ሰባት ምትክ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሴድ ቅርጽን እንጂ ትርጉምን አያይም፤ በግእዝ «ሠረቀ» እንደ ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ እንደ ሌባ የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ፊደል አንዴ ከተተካ፣ ፕሮግራሙን መልሶ በማዘዝ ፀሐይዋን ከሌባው መለየት አይቻልም።