አዲስ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከሥራው ጋር የሚላመደው እንዴት ነው? ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአንድ ወረዳ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲቀየር በመጀመሪያ የሚጨነቀው ጉዳዩን ጀምሮ ያልጨረሰ ተገልጋይ ነው። የዝውውር ማመልከቻ ያስገባ መምህር፣ የልጁ የስም ስሕተት እንዲታረም የጠየቀ ወላጅ፣ ለመማሪያ ክፍል ግንባታ ገንዘብና ጉልበት ያዋጣ የቀበሌ ነዋሪ፣ ሁሉም «ጉዳዬ እንደገና ከዜሮ ይጀመር ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምላሹም በአመዛኙ የሚወሰነው አዲሱ ኃላፊ የመጀመሪያዎቹን ወራት በሚያሳልፍበት መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ የኃላፊነቱን ምንነትና ኃላፊው ሥራውን የሚለምድበትን ሂደት ያብራራል፤ ተገልጋዩ በሽግግሩ ወቅት ማድረግ የሚችለውንም ያመለክታል።

ኃላፊነቱና ድርብ ተጠሪነቱ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ያልተማከለ እንዲሆን መሠረት ጥሏል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በጀትና የሰው ኃይል የማስተዳደር ሥልጣን ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ወረዳው ከክልሉ የሚመደብለትን ጥቅል ድጎማ በምክር ቤቱ ውሳኔ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለመንገድና ለሌሎች ዘርፎች ያከፋፍላል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለዘርፉ ድርሻ የሚከራከረው በዚህ መድረክ ላይ ነው።

በዚህም ምክንያት ኃላፊው ሁለት አለቆች አሉት። አስተዳደራዊ ተጠሪነቱ ለወረዳው አስተዳደር ሲሆን፣ ራሱም እንደ ደንቡ የወረዳው ካቢኔ አባል ነው። የሙያ ድጋፍና የአፈጻጸም አቅጣጫ ግን ከዞን ትምህርት መምሪያና ከክልል ትምህርት ቢሮ ይመጣለታል። ሥርዓተ ትምህርቱና የትምህርት ቤት ደረጃ መስፈርቱ ከላይ ይወርዳል፤ ገንዘቡ የሚወሰነው በወረዳ ነው። ቢሮው የቤተ ሙከራ መሟላትን ሲጠይቅ፣ የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ከመምህራን ደመወዝ የተረፈውን አነስተኛ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ለብዙ ፍላጎቶች ለማብቃቃት ይቸገራል። አዲስ ኃላፊ ይህን መሳሳብ በሥልጠና ሰነድ ላይ አንብቦ ሊያውቀው ይችላል፤ በትክክል የሚገባው ግን የመጀመሪያውን በጀት ሲያስጸድቅ ነው።

ከርእሰ መምህርነት ወደ ጽሕፈት ቤት

አብዛኞቹ ተሿሚዎች ከትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። አስተምረዋል፤ ርእሰ መምህር ወይም የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ሆነው ሠርተዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ወጥመድም አለው። ርእሰ መምህር መምህራኑን በስም ያውቃል፤ የቀረውን ተማሪ ቤት ድረስ ሰው ልኮ ያስጠይቃል፤ ችግሩንም በዓይኑ ያየዋል። የወረዳ ኃላፊ ግን የሚሠራው በሌሎች ሰዎች ዓይን ነው። ስለ አንድ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ሱፐርቫይዘሩ የጻፈለትን፣ ርእሰ መምህሩ የላከለትን ቁጥርና ወላጆች በአቤቱታ ያመጡለትን ነው። በቀድሞ ልማዱ እያንዳንዱን ጉዳይ ራሱ ልፈጽም የሚል ኃላፊ በሁለት ወር ውስጥ ጠረጴዛው በፋይል ይሞላል፤ ተገልጋዩም በር ላይ ይሰለፋል።

ሌላው ችግር ስብሰባ ነው። ኃላፊው የካቢኔ አባል እንደመሆኑ የግብርና ዘመቻ፣ የግብር አሰባሰብ፣ የጸጥታና የልዩ ልዩ ንቅናቄ ሥራዎች ይደርሱታል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው መልስ ተገልጋይን የሚያስመርር ቢሆንም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በመሆኑም አንድ አዲስ ኃላፊ በመጀመሪያው ሳምንት ሊወስዳቸው ከሚገቡ ውሳኔዎች ቀዳሚው በሌለበት ጊዜ ማን ምን እንደሚፈርም በጽሑፍ ውክልና መስጠት ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ወረቀት የብዙ ተገልጋዮችን የመመላለሻ ወጪ ያስቀራል።

የርክክብ ሰነዱ የማይነግረው

በሥልጣን ርክክብ ወቅት ማኅተም፣ ተሽከርካሪ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የቢሮ ዕቃና የሒሳብ ሰነድ ተቆጥረው ይፈረምባቸዋል። ዕቃ በአግባቡ ይቆጠራል፤ ቃል ኪዳን ግን የሚቆጠርበት ቅጽ የለም።

ለምሳሌ የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ድንጋይ፣ አሸዋና እንጨት አቅርበው፣ ጉልበታቸውን አዋጥተው የሁለት መማሪያ ክፍሎችን ግድግዳ ያቆማሉ። ቆርቆሮውን ወረዳው እንደሚያቀርብ የተስማሙት ከቀድሞው ኃላፊ ጋር በስብሰባ ላይ ነው፤ ቃለ ጉባኤው በትምህርት ቤቱ እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ አይገኝም። አዲሱ ኃላፊ ጉዳዩን ሳያውቅ በጀቱ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ክረምት ይገባል፤ ክዳን የሌለው የጭቃ ግድግዳ በዝናብ ይፈርሳል። በመስከረም ልጆቹ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ተጨናነቀ ክፍል ይመለሳሉ። ከሁሉም የሚከፋው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነዋሪው መዋጮ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። የተሰበረ እምነት በአንድ በጀት ዓመት አይጠገንም።

ይህን የተረዳ ኃላፊ በርክክቡ ሳይወሰን በየቀበሌው ካለው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር ቀደም ብሎ ይገናኛል፤ ያልተፈጸሙ ስምምነቶችንም ቃለ ጉባኤ እያየ ይመዘግባል። የኅብረቱ አባላትም ቢሆኑ ኃላፊው እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም፤ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ በደብዳቤ አያይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ማስገባት ይችላሉ።

ሹመቱ የሚሰጥበት ወር

የሹመቱ ወቅት በሥራው ላይ ከሚታሰበው በላይ ተጽዕኖ አለው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በመስከረም ነው። በሐምሌ የተሾመ ኃላፊ ሌላው ያዘጋጀውን ዕቅድና በጀት ይረከባል፤ የተማሪ ምዝገባ፣ የመምህራን ምደባና የመማሪያ መጻሕፍት ሥርጭት በአንድ ጊዜ ይጠብቁታል። ፋታ የለውም፤ ነገር ግን ዓመቱን ከመነሻው ይይዘዋል። በታኅሣሥ ወይም በጥር የተሾመው ደግሞ ትምህርት ቤቶቹን በሥራ ላይ የማየት ዕድል ቢኖረውም፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች ዝግጅትና የቀጣዩ ዓመት የበጀት ጥያቄ አብረው ይደርሱበታል። በሁለቱም ሁኔታ ሰኔ 30 ለማንም አይጠብቅም፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የተመደበና ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል።

ቁጥርን ማንበብ

ኃላፊው በመጀመሪያዎቹ ወራት የተማሪ ቁጥር፣ የማቋረጥ ምጣኔ፣ የመጽሐፍ ጥምርታ፣ የኢንስፔክሽን ደረጃ የያዙ ሰንጠረዦች በብዛት ይቀርቡለታል። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 እንደሚመደቡ፣ ደረጃ 3 መስፈርቱን ማሟላትን እንደሚያመለክት ማወቅ ቀላል ነው። የሚከብደው ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን መመርመር ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ በተማሪ ቁጥር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የተማሪ ቁጥር የገንዘብ ቁጥርም ነው። ስለዚህ በመስከረም የተመዘገቡትንና በጥር በክፍል ውስጥ የተገኙትን በአካል ማነጻጸር ግድ ይላል። ከዋናው መንገድ የራቁ ትምህርት ቤቶች በጉብኝት መርሐ ግብር መጨረሻ ላይ መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ከእነርሱ የጀመረ ኃላፊ ግን ስለ ወረዳው ብዙ ይማራል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ይፋ ሲሆን ብዙ ወረዳዎች ለዓመታት በጥሩ አፈጻጸም ሲያቀርቡት የነበረውን ሪፖርት እንደገና ለመመርመር ተገድደዋል። የኋላ ተሿሚዎች ሥራቸውን የጀመሩት ይህን ጥያቄ ተሸክመው ነው።

በቢሮው ውስጥ የሚቀሩት ባለሙያዎች

ኃላፊ ይቀያየራል፤ የዕቅድ፣ የመምህራን ልማት፣ የሥርዓተ ትምህርትና የመረጃ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው በቦታቸው ይቆያሉ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው ትምህርት ቤት መምህር እንደማይበረክትለትና ለምን እንደማይበረክትለት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነርሱን ማዳመጥ ኃላፊውን የሚያሳንስ ነገር አይደለም። በአንጻሩ በትምህርት ዘመኑ መካከል ርእሳነ መምህራንን በጅምላ የማዘዋወር ልማድ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ ርእሰ መምህርና አዲስ ሱፐርቫይዘር በአንድ መንፈቀ ዓመት ሲገናኙ ተማሪውን የሚያውቅ አመራር አይኖርም።

ተገልጋዩ በሽግግር ወቅት

ማመልከቻ የሚቀርበው ለጽሕፈት ቤቱ እንጂ ለግለሰብ ኃላፊ አይደለም። በመሆኑም የኃላፊ መቀየር የተመዘገበን ጉዳይ አያቋርጥም። ተገልጋዩ ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት ማስመዝገብ፣ ቁጥሩንና ቀኑን መያዝ፣ ቅጂ ማስቀረት ይኖርበታል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ካለ በአጭር ደብዳቤ ማሳሰብ ይበጃል። ጽሕፈት ቤቶች አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ጊዜና ቅድመ ሁኔታ በዜጎች ቻርተር ያሳውቃሉ፤ የቻርተሩን መኖር መጠየቅም መብት ነው።

ሁሉም ጉዳይ ግን በወረዳ አያልቅም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትና የምስክር ወረቀት የሚመለከተው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን ሲሆን፣ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሥራ ነው። አዲስ የተሾመ ኃላፊ ይህን መለየት ሲሳነው ተገልጋይን ያለ ጥቅም የሚያመላልስበት ጊዜ ስላለ ከመሄድ በፊት ማጣራቱ ይመረጣል።

በወረዳው ምላሽ ያላገኘ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ተገልጋይ የተመዘገበበትን ቁጥር ጠቅሶ ለዞን ትምህርት መምሪያ፣ ቀጥሎም ለክልል ትምህርት ቢሮ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ዞን በሌለባቸው የከተማ አስተዳደሮች አቤቱታው በክፍለ ከተማ በኩል ወደ ቢሮው ይደርሳል። በአስተዳደራዊ በደል ላይ የሚቀርብ አቤቱታን በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀበላል፤ ለዚህም ከታች ባሉት አካላት የተሰጡ ምላሾችን ወይም ምላሽ አለመሰጠቱን የሚያሳዩ ቅጂዎችን አያይዞ መቅረብ ጉዳዩን ያፋጥናል።