የቃሊቲ ማኅተም

ቃሊቲ ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ አስቀድማ የመንገድ ስም ነበረች። ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ ናዝሬት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሐረርና ወደ ጅቡቲ የሚያወጣው ጎዳና የሚጀምርባት፣ የፋብሪካ ጭስ፣ የጭነት መኪና ሰልፍና የጉምሩክ መጋዘን የማይለያት የከተማዋ ደቡባዊ በር ናት። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስሟ ሌላ ትርጉም ደረበ። ‹‹እገሌ ቃሊቲ ወረደ›› ሲባል ዕቃ ሊያስፈትሽ ሄደ ብሎ የሚረዳ የለም። ቀድሞ ‹‹ከርቸሌ›› የሚለው ቃል ይሸከመው የነበረውን ሸክም ቃሊቲ ተረከበችው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ግን ወኅኒ ቤቱን ራሱን አይደለም። በፖለቲካችን ውስጥ ወኅኒ ቤቱ የሠራውን አንድ ሥራ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ አንድ ለዘብተኛ ፖለቲከኛ የማይወላውለው የገዛ ደጋፊው እንዲያደምጠው ምን ያስፈልገዋል? በሌላው ዓለም መልሱ አንደበት፣ ድርጅት ወይም የምርጫ ውጤት ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ፣ ቢያንስ በቅንጅት ታሪክ እንዳየነው፣ መልሱ እስር ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ደግሞ በጊዜው ከገመትነው በላይ ዋጋ አስከፍሎናል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ዋዜማ ላይ አራት ድርጅቶች ‹‹ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ›› በሚል ጥላ ሥር ተሰባሰቡ፤ እነርሱም የኢንጂነር ኃይሉ ሻውል መኢአድ፣ የአቶ ልደቱ አያሌው ኢዴአፓ-መድኅን፣ እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የመሠረቱት ቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ነበሩ። በይፋ በተገለጸው የመጨረሻ ውጤት ከ547 የምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። በአዲስ አበባ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። አቃቂ ቃሊቲም እንደ ቀሪዋ ከተማ ቅንጅትን መረጠች። የመረጠቻቸው ሰዎች መሪዎች በዓመቱ እስረኛ ሆነው ወደ እርሷ እንደሚመጡ ማን ገመተ?

የዚህ ስብስብ ደጋፊ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሆኖም በመካከሉ ድምፁ ከሌላው ጎልቶ የሚሰማ አንድ ወገን ነበረ። ይህ ወገን በአንድነት ጉዳይ ወግ አጥባቂ፣ በአንቀጽ 39 እና በአሰብ ጉዳይ ልቡ የቆሰለ፣ ከኢሕአዴግ ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥን እንደ ውርደት የሚቆጥር ነበር። በአገር ውስጥ በግል ጋዜጦች፣ በውጭ ደግሞ በድረ ገጾችና ገንዘብ በሚያሰባስቡ የድጋፍ ማኅበራት ይናገራል። ቅንጅትን እንደ መራጭ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለአደራም ይመለከት ነበር። ስለዚህ መሪዎቹ ወደ መሐል አንድ እርምጃ በተራመዱ ቁጥር ‹‹የማንን አደራ ይዛችሁ ነው?›› ይላቸዋል።

ይህ ጥያቄ አፍጥጦ የመጣው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ፓርላማ መስከረም 30 ቀን ሊከፈት ነው፤ እንግባ ወይስ አንግባ? አንግባ የሚሉት ወገኖች ምክንያት ቀላል አልነበረም። በሰኔ ደም ፈስሷል፤ ድምፃችን ተሰርቋል የሚለው ቅሬታ አጥጋቢ መልስ አላገኘም፤ ተሰናባቹ ምክር ቤት አጀንዳ ለማስያዝ የ51 በመቶ ድጋፍ እንዲያስፈልግ ደንቡን ለውጦ ሄዷል። ‹‹አፋችን ተሎጉሞ ለምን እንግባ?›› ማለት የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንግባ የሚሉትም ምክንያት ነበራቸው፤ 109 ወንበርና አንዲት ዋና ከተማ በሕጋዊ ትግል ለተቃዋሚ እጅ ገብተው አያውቁም፤ የያዙትን ጥሎ የተነፈጉትን መጠየቅ ሁለቱንም ያሳጣል ይሉ ነበር። ሁለት ክብደት ያላቸው ሐሳቦች ፊት ለፊት ቆመው ነበር ማለት ነው። ክርክሩ ግን በክርክርነቱ አልተቋጨም። የቅንጅት አመራር የደጋፊውን ትኩሳት ለካና ላለመግባት ወሰነ።

በዚህ መሐል የአቶ ልደቱ ታሪክ ይመጣል። በመአሕድ ውስጥ በወጣትነታቸው ፖለቲካን የጀመሩት፣ ከዚያ ወጥተው ኢዴፓን ከመሠረቱት መካከል የሆኑት አቶ ልደቱ በ1997ቱ የቴሌቪዥን ክርክር የከተሜው ወጣት ዓይን ያረፈባቸው ሰው ነበሩ። በጥላቻና በመሞዳሞድ መካከል ‹‹ሦስተኛ አማራጭ›› አለ የሚለው አቋማቸው ያን ጊዜ በጭብጨባ ተሰምቷል። በምርጫው ማግሥት ግን ቅንጅት አንድ ወጥ ፓርቲ ልሁን ሲል በውሕደቱ አካሄድና በደንቡ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ‹‹ማኅተም አላስረከቡም›› የሚል ክስ ቀረበባቸው። እርሳቸው ‹‹የአረም እርሻ›› በተባለው መጽሐፋቸው የራሳቸውን ምስክርነት ሰጥተዋል። ማን ምን እንዳጠፋ የመፍረድ ዓላማ የለኝም። የምለው ይህን ነው፤ ፓርቲያቸው ፓርላማ ሲገባ የትናንቱ የአደባባይ ጀግና ባንድ ጀንበር ‹‹ከሃዲ›› ሆኑ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ያልመታቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ሐቅ አለ። ከቅንጅት ተመራጮች መካከል አብዛኞቹ ውለው አድረው ምክር ቤት ገብተዋል። አንድ በአንድ፣ ያለ መሪ፣ ያለ አንድ ድምፅ ገቡ። የእነዚያን ተመራጮች ስም ዛሬ የሚያስታውስ ስንት ሰው ይገኛል? ቁጣው ሁሉ ያረፈው በአንድ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ የተጠላው ፓርላማ መግባቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሃዲው ብዙ በሆነ ነበር።

ልዩነቱን የፈጠረው ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. የጀመረው ሳምንት ነው ብዬ አምናለሁ። ዳግም ደም ፈሰሰ፤ በሰኔና በጥቅምት የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል። የቅንጅት መሪዎች ተያዙ፤ ክሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ለማፍረስ መሞከርን የጨመረ ነበር፤ አብዛኞቹም ቃሊቲ ወረዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደጋፊው ፖለቲከኛን የሚመዝንበት ሚዛን ተቀየረ። ‹‹ምን ይላል?›› የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ‹‹የት ነው ያለው?›› የሚለው ተተካ። ቃሊቲ ያሉት የእኛ ናቸው፤ አራት ኪሎ ያሉት የእነርሱ ናቸው። የእስረኞቹን ቤተሰቦች ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ ለሚያይ ሕዝብ ይህ ሚዛን ከሰብአዊነት የመነጨ ነበርና አልፈርድበትም። ነገር ግን የሰውን መከራ የሚለካ ሚዛን የሐሳብን እውነት ሊለካ አይችልም።

በዚያ ሁሉ መካከል የአዲስ አበባ ነገር ተረሳ። ተመራጩ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር በ1998 ዓ.ም. ባላደራ አስተዳደር ተሾመ፤ በ2000 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። 137 ሄደ፣ 137 መጣ፤ ባለቤቱ ብቻ ተቀየረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለከተማችን የተነገረ ይመስላል።

ማኅተሙ እንዴት እንደሚሠራ ይበልጥ የታየው እስረኞቹ ሲፈቱ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን በሽማግሌዎች ሸምጋይነት በይቅርታ ወጡ። ከዚያ ከአንድ ግቢ ሁለት መንገድ ወጣ። ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ‹‹አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ›› ፓርቲን በ2000 ዓ.ም. ከጓዶቻቸው ጋር መሥርተው በሕግና በሰላም እንታገል አሉ። ‹‹የነፃነት ጎሕ ሲቀድ›› የተባለውን መጽሐፋቸውን በቃሊቲ የጻፉት ዶክተር ብርሃኑ ደግሞ በዚያው ዓመት በውጭ አገር ግንቦት 7ን መሥርተው ሁሉንም የትግል ስልት ወደሚቀበል መንገድ ሄዱ።

ሁለቱ አቋሞች ሰማይና ምድር ናቸው። ሆኖም ሁለቱም ጆሮ አገኙ፤ ሁለቱም በአንድ በር ወጥተዋልና። ብርቱካን ‹‹የሕጉን በር እስከሚዘጋ እንግፋ›› የሚለውን መንገድ ሲይዙ ‹‹ከሃዲ›› ያላቸው ጥቂት ነው። ይህ መንገድ በመሠረቱ ከሁለት ዓመት በፊት ልደቱ የተወገሩበት መንገድ አይደለምን? በሁለቱ መካከል የባሕርይ፣ የአቀራረብና የሁኔታ ልዩነት መኖሩን አልክድም። የሐሳቡ እንብርት ግን አንድ ነበር። አንደኛው ያለ ማኅተም ቀረበ፤ ሌላኛው የቃሊቲ ማኅተም አርፎበት መጣ።

ይህ ዓይነቱ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ ከነጮቹ መንግሥት ጋር ሲደራደሩ ጠንካራው ደጋፊያቸው የታገሣቸው 27 ዓመት በመታሰራቸው ጭምር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ክሪስ ሃኒ ሲገደል በቴሌቪዥን ቀርበው የተቆጣውን ወጣት ያረጋጉት በዚያ ሥልጣን ነበር። ሆኖም ማንዴላ ያን ማኅተም ያዋሉት ደጋፊያቸው ሊሰማ የማይፈልገውን ነገር እንዲሰማ ለማድረግ ነው። ከኋላቸውም ለዓመታት የተገነባ ድርጅት ነበራቸው። የእኛ መሪዎች ማኅተሙን አገኙ፤ ድርጅቱ ግን አልነበረም። ብርቱካን ስለ ይቅርታው በስዊድን በተናገሩት ምክንያት ‹‹አስተባብዪ›› ተባሉ፤ ‹‹ቃሌ›› በሚል ርእስ የታወቀውን ጽሑፍ ትተው በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ወደ ቃሊቲ ተመለሱ። እስከ መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚያ ሲቆዩ ፓርቲያቸው በውጭ ‹‹መርህ ይከበር›› በሚል ክርክር ተሰነጠቀ። ማኅተሙ በሰው ላይ እንጂ በሐሳብ ላይ ስላልተመታ ለሌላው ሊተላለፍ አልቻለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ማኅተም የሚመታው ማን ነው? መንግሥት ነው። ማን እንደሚታሰር፣ መቼ እንደሚፈታ፣ ማን ሳይነካ እንደሚቀር የሚወስነው እርሱ ነው። እኛ ተቃዋሚን በእስር የምንመዝን ከሆነ የተቃዋሚዎቻችንን መሪ የመምረጥ ሥልጣን ለገዢው ፓርቲ አሳልፈን ሰጥተናል ማለት ነው። አንዱን ለማዋረድ ሳያስረው መተው ይበቃዋል፤ ሌላውን ከሜዳ ለማስወጣት ደግሞ ያስረዋል። ለዘብተኛው በሁለቱም ይሸነፋል፤ ውጭ ከቀረ ይጠረጠራል፣ ውስጥ ከገባ ይከበራል ግን ሥራ አይሠራም።

የ2002 ዓ.ም. ምርጫ ውጤት የዚህ መደምደሚያ ነበር። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ አቶ ልደቱም ወንበራቸውን አጡ። ፓርላማ መግባቱም ብቻውን አላዳነም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን 109ኙ በአንድነት፣ ከነመሪዎቻቸውና ደጋፊው ከኋላቸው ቆሞ ገብተው ቢሆን ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይፈተን ቀርቷል። ያልተፈተነው ደግሞ ሐሳቡን ማንሣት ራሱ ክህደት ስለተባለ ነው።

ሌላም አለ። አቶ ልደቱ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ከቃሊቲ በዚያው ጎዳና ወረድ ብላ በምትገኘው ቢሾፍቱ ቆዩ፤ ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶላቸው ሳይፈቱ የሰነበቱበትም ጊዜ ነበር። ያን ሰሞን ‹‹ልደቱኮ ያኔም ልክ ነበር›› የሚሉ ሰዎች በየቡናው ቤት ገጠሙኝ። ልብ በሉ፤ በ1998 ዓ.ም. የተናገሩት ነገር ልክ ወይም ስሕተት የሚሆነው በ1998 ዓ.ም. ሚዛን ነው። ከ14 ዓመት በኋላ መታሰራቸው በዚያ ክርክር ላይ አንድም ማስረጃ አይጨምርም። እኛ ግን ማኅተሙን እስክናይ ጠበቅን!

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደጋፊ አይቆጣ፣ አይጠርጥር አልልም፤ መሪውን የማይጠረጥር ሕዝብ ይታለላል። የታሰረውን ማክበርም የዜግነት ግዴታችን ነው። የምለው አክብሮትና ሐሳብን መመዘን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንወቅ ነው። ነገ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ ‹‹ያገኘነውን እንያዝ፣ የቀረውን እንጠይቅ›› ሊል ይችላል፤ ልክም ሊሆን ይችላል፣ ሊሳሳትም ይችላል። መልስ ከመስጠታችን በፊት ‹‹ይህ ሰው ስንት ጊዜ ታስሯል?›› ብለን መጠየቃችንን ካልተውን፣ የክርክራችንን የመጨረሻ ቃል የሚናገረው የወኅኒ ቤቱ በር ጠባቂ ሆኖ ይቀጥላል።

ቸር እንሰንብት።