ተረስቶ የተገኘ የዓይን ፈውስ

ኖራና ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ የገቡ እንደ ሆነ፣ በላይኛው ገጽ ሳይወሰኑ ወደ ውስጥ ዘልቀው ብርሃንን እስከ ማጥፋት ይደርሳሉ። ይህን ጉዳት ለማከም ሐኪሞች ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ፣ በማኅፀን ሕፃኑንና የእንሽርት ውኃውን ከብቦ የሚይዘው፣ ከወሊድም በኋላ ከእንግዴ ልጅ ጋራ የሚጣለው ስስ ሽፋን ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ደ ሮት የተባሉ ሐኪም በዚህ ሽፋን ዓይንን ለመጠገን ሞከሩ። በ1946 ዓ.ም. በብሪታንያ ሶርዝቢና ሲሞንስ በኬሚካል ለተቃጠለ ዓይን ማዋላቸውን ጽፈው አሳተሙ። ሽፋኑ ቁስሉን ከልሎ መቆጣቱን ያበርዳል፤ የዓይኑም ገጽ እንዲሽር ያግዛል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ችላ ተብሎ ሃምሳ ዓመት ያህል ተረሳ። እንደገና የተስፋፋው በ1995 ዓ.ም. ኪምና ሴንግ በጥንቸሎች ዓይን ፈትነው ውጤቱን ከገለጹ በኋላ ነው።

ሆኖም ቃጠሎው እጅግ የጠለቀ ከሆነ ሽፋኑ ብቻውን አያድንም። ከሁሉም የሚቀድመው መድኃኒት ውኃ ነው፤ በተማሪ ዓይን ኖራ ወይም አሲድ ቢገባ፣ ሐኪም ሳይጠበቅ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። በመጽሐፍ የሰፈረ ዕውቀት አስተማሪ ካላገኘ እንደ ተጣለ ይቀራል። እኛ መምህራን ቢያንስ ይህችን አንዲት ትምህርት ልናስረሳ አይገባንም።